ያልገባ ገብስ

ስሙኝማ! ሥራ ላይ ከሆናችሁ ለአንድ አፍታ ተዉት፤ ምግብ ላይ ከሆናችሁም እያኘካችሁ ስሙኝ። «ዘበኛው ገብሱን በሌሊት አስወጣው» ሲባል ደባርቅ ውስጥ ያልሰማ የለም። መናኸሪያ ተወርቷል፣ ጠላ ቤት ተወርቷል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተወርቷል። ያ ዘበኛ አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። እኔ ደግሞ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ የጣልኩ፣ በአፌ ምክንያት ብዙ ጥፊ የቀመስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬ ማህበራችን የቢራ ገብስ ይገዛል። ገበሬው በአህያ ጭኖ መጋዘን ድረስ ያመጣል፣ በሩ ላይ ይመዘንለታል፣ የሚዛን ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱን ይዞ ከተማውን አቋርጦ ወደ ገንዘብ ቤት ይሄዳል፣ ያስረክባል፣ አሻራውን ወይ ፊርማውን ያኖራል፣ ብሩን ይዞ ይገባል። ከዚያ መኪና መጥቶ ገብሱን ወደ ጎንደር ይወስደዋል። አምና ታዲያ የመጨረሻው መኪና ከሄደ በኋላ ቆጠራ ተደረገ። ወረቀቱ «ገና ብዙ ኩንታል አለ» ይላል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ግን አይጥ ብቻ ነው። አይጡም ከስቷል።

የት ሄደ? የማህበሩ ሊቀመንበርና ግዢ ሠራተኛው ጢማቸውን እያሻሹ «ሌሊት በሩ ላይ የሚያድረው ማን ነው?» አሉ። አጎቴ። አለቀ! ተፈረደ። ቁልፉ እኮ ያለው ግዢ ሠራተኛው ኪስ ውስጥ ነው! አጎቴ ያላቸው ጋቢ፣ ዱላና ሳል ነው።

ከሥራ ታገዱ። ሽማግሌ ተላከባቸው። «ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በእርቅ ይለቅ፤ ጥማድ በሬዎን ይሽጡና የጉድለቱን ግማሽ ይክፈሉ» አሏቸው። እሳቸውም እሺ ሊሉ ነው! እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

«አያ፣ አልሰረቅሁም በሉ እንጂ!»

«ብያለሁ እኮ ልጄ። ስንት ጊዜ ልበል? ሰው አንዴ ከጠረጠረህ ሳልህን እንኳ ይመዝናል።»

«ታዲያ በሬ ሸጠው በምን ሊያርሱ ነው? በጥርስዎ?»

«ስሜ ፍርድ ቤት ከሚቀበር በሬዬ ይሂድ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በዚያው ሰሞን የማህበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። የሟች አባቴ ዕጣ በስሜ ስለዞረ አባል ነኝ። ተነሥቼ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ እኔም አላስታውሰውም፤ ብቻ ብዙ ነው። ከኋላ አንዱ «ይሄ አፈኛ ቁጥጥር ኮሚቴ ይግባልን!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው ማን መሰላችሁ? ሊቀመንበሩ ራሱ! ሒሳቡ ገብቶኛል። አስረኛ ክፍል ያቆመ ልጅ ወረቀት ቢከምሩበት ምን ያውቃል፤ አበል ሲቀምስ ዝም ይላል። እሺ፣ ገባሁ። አበሉንም በላሁ። ዝም ግን አላልኩም።

ለአዲስ ኮሚቴዎች ሥልጠና ዳባት ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። አሠልጣኟ ከጎንደር የመጣች ኦዲተር ናት፤ ቀጭን፣ ሸራ ጫማ ያደረገች፣ እያስተማረች ቆሎ የምትቆረጥም። «እርስዎ» ስላት «ተወኝ ባክህ፤ እርስዎ ሲሉኝ ወገቤን ያመኛል» አለችኝና አንቺ ሆነች።

መደመር መቀነስ ልታስተምረን ነው ብዬ ነበር የገባሁት። ገና እንደገባች ሁለት የሚዛን ወረቀት አንሥታ ለሁላችን አሳየችን። አንዱ ንጹሕ፣ ጽሑፉ ቀጥ ያለ። ሌላው አራት ቦታ የታጠፈ፣ ጥጉ የተበላ፣ ቅባት የነካው።

«ውሸታሙ የትኛው ነው?»

ሁላችንም ቅባታሙን ጠቆምን። እሷ ሳቀች።

«ገበሬ የሚዛን ወረቀት ሲሰጠው የት ያደርገዋል?»

«ኪሱ» አለ አንዱ። «ባርኔጣው ውስጥ» አለ ሌላው። «እኔ እናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ነው የምትቋጥረው» አልኩ።

«አያችሁ? ይሄ ተቋጥሯል፣ ታጥፏል፣ ላብ ጠጥቷል። ይሄኛውስ? ይሄ ከጥራዙ ከተቀደደ ጀምሮ ፀሐይ አልሞቀም። ታዲያ ማን ይዞት ነው ገንዘብ ቤት የደረሰው?»

ወይኔ! ምን እንደሆንኩ ልነግራችሁ አልችልም። የባጃጅ ሞተር መጀመሪያ ተፈትቶ ያየሁ ቀን እንዲህ ሆኜ ነበር፤ ለካ ያ ሁሉ ድምፅ የሚወጣው ከዚህች ብረት ነው ብዬ። ወረቀትም ለካ ይፈታል! ወረቀትም ለካ ይሸታል፣ ይታጠፋል፣ ያልባል! ትምህርት ቤት እንዲህ ቢያስተምሩኝ ኖሮ እስከዛሬ የት በደረስኩ!

ከዚያ ያለችው ግን ከወንበሬ አስነሣኝ።

«ዕቃ ጎደለ ሲባል ሰው ሁሉ በየት ወጣ ብሎ ነው የሚጠይቀው። እናንተ እንደሱ አትበሉ። መጀመሪያ ገብቷል ወይ በሉ። ያልገባ ነገር በውሸት ወረቀት ይገባል፤ በሱ ስም ብር ይወጣል። ቆጠራ ሲመጣ ደግሞ ዕቃው ስለሌለ ጠፋ ይባላል፤ ሌባ ይፈለጋል። ሌባውም አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛው ይሆናል።»

ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። የሰው ውኃ ፈሰሰ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ምንም! ድገሚው! ያንን የዘበኛውን ነገር ድገሚው!»

ደገመችልኝ። እኔም በሻይ ሰዓት ተከትያት ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ አጎቴን፣ በሬዎቹን፣ ሽማግሌዎቹን። ቆሎዋን ትታ ሰማችኝ። «የሚገዛው፣ የሚመዝነውና ቁልፍ የሚይዘው አንድ ሰው ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ አንድ ነገር ያዝ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው እጁ የማይደርስበት ምስክር ፈልግ። የሱ እጅ ወረቀቱ ላይ ይደርሳል፤ ሁሉም ቦታ ግን አይደርስም።»

በማግስቱ ማህበሩ ቢሮ ሄጄ የአምናን የሚዛን ወረቀት አምጡ አልኩ። ግዢ ሠራተኛው ከላይ እስከታች አየኝ።

«ምን ልታደርገው ነው? ልታነበው?»

«አይ፣ ላሸተው።»

ሳቀብኝ። ይሳቅ! ኮሚቴ ስለሆንኩ መከልከል አልቻለም። ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አሸተትኩ፤ ጸሐፊዋ አበደ ብላ አማተበች። ገሚሱ ጭስ ጭስ፣ ቅቤ ቅቤ ይላል። የታጠፈውን ወዲህ፣ ያልታጠፈውን ወዲያ። መጨረሻ ላይ ያልታጠፈው ክምር አደገ። ሁሉም ከአንድ ቀበሌ ነው! ከደባርቅ በላይ፣ ከቡይት ራስ መንገድ ተገንጥሎ በእግር የሚገባ ቀበሌ።

ይህን ለግዢ ሠራተኛው ሳልነግር ጸሐፊዋን ብቻ «የእነዚህን ሰዎች ብር ማን ነው የወሰደው?» አልኳት።

«ሩቅ ናቸው ብሎ እሱ ነው እያሰባሰበ የሚያደርስላቸው» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ውስጠኛው ክፍል እያመለከተች። «አሻራቸውንም እሱ ነው አስደርጎ የሚያመጣው።»

ደሜ ፈላ! ወረቀቶቹን በስልኬ አነሣኋቸው። ከዚያ ቀናቸውን መመርመር ያዝኩ። ውሸት የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል፤ እሁድ ጽፎ ይሆናል፣ ሚካኤልን ጽፎ ይሆናል ብዬ። እህ! ምንም የለም! እሁድ የለም፣ ሚካኤል የለም፣ ማርያም የለም፣ ባለወልድ የለም፣ ገብርኤል የለም። ይሄ ሰው የቄስ ግጻዌ፣ የበዓላቱን መጽሐፍ፣ እያየ ነው እንዴ የሚሰርቀው? ተናደድኩ። ለአሠልጣኟ ደወልኩ።

«ንጹሕ ወረቀት ጥርጣሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም» አለችኝ። «በቦርሳ ይዘውት ነበር ቢልህስ? ውጣና ባለቤቶቹን ጠይቃቸው።»

«ሽማግሌዎቹ እኮ ነገ ነው የሚቀመጡት! በሬዎቹ ነገ ይሸጣሉ!»

«ታዲያ ዛሬ ውጣ።»

ወጣሁ! ወደ ቡይት ራስ የምትሄድ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ መገንጠያው ላይ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግር። ታኅሣሥ ነው። ሰማዩ የታጠበ ሳህን መስሏል። ዳገቱን ጨርሼ ብቅ ስል ምን አያለሁ? በየአውድማው ገብሱ ተከምሯል፣ ነፋሱ ለማዝራት ልክ በልኩ ነው፣ በሬዎቹ በየመስኩ ይግጣሉ። ሰዉ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ካብ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል! ሽማግሌው፣ ጎልማሳው፣ ሴቱ፣ ሁሉም። አንድ መንሽ የያዘ የለም።

አፌ ደግሞ መቼ ያርፋል!

«እንዴት ዋላችሁ! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በአምላክ! ገብሱ አውድማ ላይ፣ ነፋሱ በነጻ፣ እናንተ እንደ እንሽላሊት ካብ ላይ?»

አንድ ቄስ ቀና ብለው አዩኝ። «ከየት የመጣህ አረማዊ ነህ አንተ? ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ስምንት ነዋ።»

«እንግዲያማ። እኛ ጋ ወር በገባ በስምንት መንሽ አይነሣም።»

«አባ፣ ይፍቱኝ። በስምንት ደግሞ ማን ይከበራል? ደባርቅ በስምንት ሥራ ነው።»

ቄሱ ካቡ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ድሮ፣ የሳቸው አባት ጎልማሳ ሳሉ፣ በረዶ ወርዶ የቀበሌውን ገብስ አንድ ዘለላ ሳይቀር ከአፈር ደባለቀው። ሰዉ ዕርር ድብን ብሎ ሲያለቅስ ዋለና ለአቡነ ኪሮስ ተሳለ፤ ከእንግዲህ በየወሩ በስምንት አንሠራም፣ በረዶውን መልስልን ብሎ። ከዚያ ወዲህ ግዝት ሆኖ ቀረ። ሌላ አገር አያውቀውም። ጎረቤት ቀበሌ እንኳ አይይዘውም፤ የዚህች ቀበሌ የብቻዋ ነው።

ወደ ቄሱ ተጠጋሁ።

«አባ... አህያስ? አህያ መጫን ይቻላል?»

«አህያም ታርፋለች። በረዶው እሷንም መቷታል።»

«ሰው ተደብቆ ቢጭንስ? ገብስ ይዞ ደባርቅ ቢወርድስ?»

«በግ ይከፍላል፤ ለሰንበቴ።»

«አምና የከፈለ ሰው አለ?»

ካቡ ሙሉ ሰው ሳቀ። አንዷ ባልቴት እንባቸውን እየጠረጉ «በግማ ቢገኝ በወደድን!» አሉ። «አንዱ ግዝቱን ሽሮ ይከፍላል ስንል፣ እርስ በርስ ስንጠባበቅ፣ በግ አምሮን ቀረን እኮ ልጄ!»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ስልኬን አወጣሁ። ምስሎቹን አገላበጥኩ። ታኅሣሥ ስምንት። ታኅሣሥ ስምንት። ጥር ስምንት። ጥር ስምንት! ያ ጠንቃቃ ሌባ! እሁድን ሸሸ፣ ሚካኤልን ሸሸ፣ የታወቀውን በዓል ሁሉ ሸሸ፤ የዚህችን ቀበሌ በረዶ ግን ማን ይንገረው! ከተማ ቁጭ ብሎ ነዋ የጻፈው። የሱ እጅ እዚህ ካብ ድረስ አይደርስም!

«አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ውሻ ሁሉ ጮኸብኝ።

ስሞቹን እየጠራሁ ማንበብ ጀመርኩ። ያኔ ነው ካቡ የተነቃነቀው። «እኔ? በኪሮስ ቀን? እኔ ጫንኩ?» «ብሩስ? ምን ብር? ማን ነው ብር ያደረሰልኝ?» «ቆይ ቆይ፣ እኔ አምና ገብስ ዘርቻለሁ እንዴ? ባቄላ አይደል የዘራሁት!» አንዱ በአንዱ ላይ ይናገራል። አንድ ሽማግሌ ግን ቀኑም፣ ብሩም አላሳሰባቸውም። ስልኩን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አድርገው አዩትና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሻራዎ ነው አባባ።»

«የኔ አሻራ?»

«ስምዎ ላይ ነው ያለው።»

«አሻራ? እኔ? ስማ አንተ ልጅ! እኔ ፊርማ አለኝ! የጎልማሶች ትምህርት በሽበቴ ገብቼ፣ ልጆች እየሳቁብኝ የተማርኩት ለምን መሰለህ? ለዕቁብ እፈርማለሁ፣ ለዕድር እፈርማለሁ፣ ክርስትና ልጄ ሲዳር ለሦስት ጉልቻው ስጦታ ሳይቀር ፈርሜያለሁ!»

«እውነታቸውን ነው» አሉ ቄሱ። «ምስክር ሁኑ ሲባሉ ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት።»

ሽማግሌው ዱላቸውን አዙረው ጎንበስ አሉና አፈሩ ላይ ስማቸውን ጻፉ። ትልቅ፣ ጠማማ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት። «ይሄ ነኝ» አሉ። «ጣት አይደለሁም።»

ኔትወርክ የሚገኝበት አለት አለ፤ እሱ ላይ ወጥቼ ለአሠልጣኟ ደወልኩ። እየጮህኩ ነው መሰል «ድምፅህን ቀንስ፣ ያለ ስልክም ይሰማኛል» አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀች፤ እንደ ልጅ ሳቀች! «በረዶ!» አለች። «በዚህ ሁሉ ዓመቴ በበረዶ የተያዘ ሰው አላየሁም።» ወዲያው ደግሞ ኮስተር አለች። «አሁን ስማኝ። ያሉህን በየስማቸው ጻፈውና ምስክር ባለበት ያረጋግጡልህ። ሁለት ሦስት ሰው ይዘህ ውረድ። እና እገሌ ሌባ ነው እንዳትል። ይሄ ገብስ አልገባም በል፤ ከዚያ በላይ አትናገር። ሌላውን እነሱ ይናገሩት።»

«አፌስ?»

«ንከሰው።»

በማግስቱ ደባርቅ ከጽዱ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩና ግዢ ሠራተኛው አዲስ ጋቢ ለብሰው ከጎናቸው። አጎቴ መሬት መሬት ያያሉ። በሬዎቹ እዚያው አጠገብ ታስረዋል፤ አንድ ነጋዴ ሻኛቸውን እየዳበሰ ዋጋ ያሰላል። ያንን ሳይ ምላሴ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ነከስኩት። እውነት ደም ደም አለኝ።

«አባቶቼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አልኩ። «ጠፋ የተባለው ገብስ በየትኛው ቀን ነው የገባው?»

ሊቀመንበሩ «ይሄ የባጃጅ ልጅ ደግሞ ዛሬ ምን ሊነዳን ነው» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ። ትልቁ ሽማግሌ ግን «ይመለስለት» አሉ። ግዢ ሠራተኛው ኩራት በኩራት ሆኖ ፋይሉን ገለጠ። ቀበሌዋን ጠርቶ፣ ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል አነበበው። ታኅሣሥ ስምንት። ጥር ስምንት።

ከኋላዬ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ መሆን አለበት። ቄሱ ስለ በረዶው ተናገሩ። ባልቴቷ ስለ በጉ ተናገሩ፣ ሽማግሌዎቹም ፈገግ አሉ። ባለ ፊርማው ሽማግሌ «ብዕር አምጡ!» ብለው ተነሡና የጉባኤው ሰው ሁሉ እያየ ፈረሙ፤ ከዚያ የሚዛን ወረቀቱን ከጎኑ አስቀመጡት። ሁለቱን ማየት ነበር። የግዢ ሠራተኛው ፋይል ጉልበቱ ላይ ተከፍቶ ቀረ፤ መዝጋቱንም ረሳው።

ትልቁ ሽማግሌ ፊርማውንና አሻራውን አስተያዩ። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረው «እጅህን ከሰው በሬ ላይ አንሣ» አሉት።

አጎቴ ተነሡ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ወደ በሬዎቹ ሄደው የአንደኛውን ጆሮ ገልብጠው መዥገር ነቀሉለት። «አንተ ወፈፌ» አሉኝ፣ ሳያዩኝ። «ገመዱን ያዝልኝ፤ አብረን እንንዳቸው።» ያዝኩ። እስከ ቤት ድረስ ደስታ ከተረከዜ ተነሥቶ አናቴ ላይ ይጨፍራል።

አሁን በሬዎቹ ያርሳሉ። የእኔም ሥልጠና ቀጥሏል፤ ባጃጄ ውስጥ ሰው ደረሰኝ ሲያወጣ ባየሁ ቁጥር ማሽተት ያምረኛል። ግን ይኸው ወራት አለፉ። ሊቀመንበሩ በወንበሩ አለ። ግዢ ሠራተኛው ቁልፉን በኪሱ እያንሿሿ ይዞራል። አጎቴ ወደ በራቸው አልተመለሱም። በጠየቅሁ ቁጥር «እየተጣራ ነው» ነው መልሱ። ምኑ ነው የሚጣራው? ጠላ ነው እንዴ?

አሠልጣኟ የሰው ስም አትጥራ ብላኛለች፤ አልጠራሁም። አፌንም ነክሻለሁ። እናንተ ወረቀቱን የጻፋችሁት ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ «እየተጣራ ነው» የምትሉትም ጭምር። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ፦ አህያ እንኳ ባረፈችበት ቀን ያን ሁሉ ገብስ ከዚያ ተራራ ተሸክሞ መጋዘን ያስገባው የየትኛችሁ ጀርባ ነው?